በፕላን ላይ ዝናብ አይዘንብም

ጎሬ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤ እንግዶቹ እኛ ነን። በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል ሲባል ለጆሮ ቀላል ነው፤ ሚሊ ሜትር የምትባለዋ ነገር ራሷ ትንሽ ስለሆነች ታታልላለች። ወደ ሊትር ሲመነዘር ነው ጉዱ። ስምንት በአሥር ሜትር የሆነች፣ የሀብታምም የድሃም የማትባል ቤት ብንወስድ፣ ክዳኗ ላይ በዓመት 160 ሺህ ሊትር ውሃ ያርፋል። ባለ 2 ሺህ ሊትሩ ሮቶ 80 ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከላይ እየተቀበልን ከታች ጄሪካን ይዘን የምንሰለፍበት ምክንያት ሌላ ወግ ይፈልጋልና እዚያ አልገባም።

ታዲያ እንዲህ ባለ አገር ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው ፕላን አስወጥቶ ሲመለከት ምን ያያል? ሳሎን፣ መኝታ፣ ማድ ቤት፣ ሽንት ቤት። በሩ ወዴት እንደሚከፈት የምታሳይ ሩብ ክብ። አልጋው ከነትራሱ ተስሏል፣ ሶፋው ተደርድሯል፤ ፕላን አውጪው ጨዋታ ሲያምረው ደግሞ ሰው የሚተኛበት የመታጠቢያ ገንዳ ይጨምራል። ጣሪያ ብቻ የለም። ፕላን ማለት ቤቱ ከወለሉ አንድ ሜትር ከምናምን ላይ ተቆርጦ፣ የላይኛው ወገን ተነሥቶ የታየ ነውና ክዳኑ ከተነሣው ጋራ ሄዷል። ባለቤቱም የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም። ክፍል ይቆጥራል። «ሦስት መኝታ ነው አይደል?» «አዎ ጋሼ።» «በቃ ጥሩ ነው።» ተጠቅልሎ በብብት ይያዛል፤ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ይኬዳል።

የክዳን ፕላን የሚባል ሌላ ወረቀት አለ፤ እሱን አትኩሮ ያየ ደንበኛ ግን አልገጠመኝም። ቢታይም ብዙ አይናገርም። ያቺው ስምንት በአሥር ቤት ላይ በ15 ዲግሪ ያዘነበለ ክዳንና በ30 ዲግሪ ያዘነበለ ክዳን ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ አንድ አራት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ አንድ መስመር። መሬት ላይ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጫፉ ከግድግዳው በላይ አንድ ሜትር ከ7 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ሁለተኛው ሁለት ሜትር ከ30 ይደርሳል። ሁለተኛው ከ9 ካሬ ሜትር በላይ ተጨማሪ ቆርቆሮ ይበላል፤ ካፕሪያታው ይረዝማል፤ አናፂውም ይህንኑ አይቶ ዋጋውን ያስረዝማል። በምላሹ ውሃው ክዳኑ ላይ ሳይንቀረፈፍ ይወርዳል። የመጀመሪያው ድሬዳዋ ላይ ምንም አይለውም። ጎሬ ላይ ሲሆን ግን ነፋስ የገፋው ዝናብ በቆርቆሮው መደራረቢያ ሥር ሾልኮ ኮርኒሱ ላይ የአፍሪካን ካርታ የመሰለ ነገር ይስላል። በሁለተኛው ክረምት ማዳጋስካርም ትጨመራለች።

ይህን ልዩነት የሚያሳየው ቁመት ነው። በኮምፒውተር ቤቱን ከነቁመቱ አቁሞ ማየት፣ ሁላችንም «ስሪዲ» የምንለው፣ አዲስ አበባ ላይ ቪላ ለመሸጥ የሚያገለግል ማስጌጫ ሊሆን ይችላል። ኢሉባቦር ላይ ግን ከዝናብ ጋራ የሚደረግ ድርድር ነው። እኔ እስከዛሬ የምከራከረው ለዚች ለአንዲት ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው።

ጭማሪውን ግን ሰው ይወደዋል። መቱ ወርዳችሁ ዋናውን መንገድ ብትከተሉ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ፣ ቀለሙን ዝናብ ያጠበው ሰሌዳ አታጡም። ፕላን እናወጣለን፣ ስሪዲ እንሠራለን፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ በወቅቱ ደግሞ የዲቪ ፎርም መሙላት። ቤት መሥራት የሚፈልገውና አገር ጥሎ መሄድ የሚፈልገው እዚያው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዳንዴም አንድ ሰው ናቸው። መቱ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆች በዝተዋልና እንዲህ ያለው ቤት ውስጥ ሠራተኛ አይጠፋም። ጎሬ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጉሟን ለብሳ ተቀምጣለችና የሰሌዳው ብዛት እንደ መቱ አይደለም። የኢሉባቦር ዋና ከተማነቱም እኮ ወደ መቱ ወርዷል። ዝናቡ ግን አልወረደም፤ እዚሁ ቀርቷል።

ድሮ ይህ ሥራ ኮምፒውተር አይጠይቅም ነበር። ዘንበል ያለ ጠረጴዛ፣ ቲ-ስኩየር፣ ራፒዶ ብዕር፣ ትሬሲንግ ወረቀትና አንድ ምላጭ ይበቃ ነበር። ምላጩ ለጺም አይደለም፤ የተሳሳተ መስመር የሚፋቀው በእሱ ነው። ሰውዬው መኝታ ቤቱ ይስፋልኝ ካለ ሳሎኑ በምላጭ ይፋቃል። ስለዚህ ደንበኛም ሐሳቡን በቶሎ አይቀይርም፤ ምላጩን ያያላ። ኦቶካድ የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ላይ ሲወጣ ሥራው ያንኑ ጠፍጣፋ ወረቀት ወደ ኮምፒውተር መስታወት ማዛወር ነበር። ሙሉ የሦስት ልኬት ሥራ አብሮት የመጣው በ1988 በወጣው አሥረኛው ስሪት ነው። ዛሬ ስኬችአፕ አለ፣ አርኪካድ አለ፣ ሬቪት አለ፤ በነጻ የሚገኙት ፍሪካድና ብሌንደርም አሉ። እኛ ግን ከኦቶካድ አልተላቀቅንም። ምክንያቱ ቴክኒክ አይደለም። ፍላሽ ላይ ተጭኖ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው እሱ ስለሆነ ነው። (ተማሪ ከሆናችሁ ካምፓኒው ራሱ ለትምህርት በነጻ ይሰጣልና በፍላሽ አብሮ የሚመጣውን ቫይረስ መቀበል ግዴታ አይደለም።)

አሁን ወደ መሰናዶው እንግባ። ጀማሪ ልጅ ስሪዲ ልሥራ ብሎ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚነገረው «ወርክስፔሱን ቀይር» ነው። ከመስታወቱ ግርጌ በስተቀኝ ጥርስ ያለው ጎማ የምትመስል ትንሽ ምልክት አለች። ስትነካ ሦስት ስም ታወጣለች፤ አንዱ ለጠፍጣፋ ንድፍ፣ አንዱ ለስሪዲ ጀማሪ፣ አንዱ ስሪዲ ሞዴሊንግ። ክላሲክ የሚባል አራተኛም ነበረ። የ2015 ስሪት ሲመጣ አስወጡት፤ እሱን የለመዱ አንጋፋዎች እስካሁን ስሙን ሲያነሡ ድምፃቸው ይቀየራል። ልጁ ስሪዲ ሞዴሊንግን ይመርጣል። ከላይ ያለው የመሣሪያ ሰልፍ በሙሉ ይለወጣል። ልጁ ልቡ እየመታ መሐል መሐሉን ያያል። ቤቱ ግን አሁንም እንደተኛ ነው። ያው አራት ማዕዘን፣ ያው ሩብ ክብ በር።

እዚህ ላይ ብዙዎች ኮምፒውተሩን ይጠረጥራሉ። ኮምፒውተሩ ምን አደረገ? የሥራ ቦታ መቀየር ማለት ዕቃ መደርደር ማለት ነው፤ ሥራው ራሱ አልተነካም። አናፂ መጋዙንና መዶሻውን ከሳጥን አውጥቶ ስለደረደረ ቤት እንዳልቆመ ሁሉ። ቤቱን ለማቆም መጀመሪያ ከላይ ማየት ትቶ ከጥግ ማየት ያስፈልጋል። በስተቀኝ ከላይ ቪውኪዩብ የምትባል ኩብ አለች፤ ጥጓን ሲነኳት ማየት ይጀመራል። ወይም አዲስ ፋይል ሲከፈት ለስሪዲ የተዘጋጀውን መነሻ፣ አካድአይሶ ስሪዲ የሚባለውን፣ መምረጥ ነው። እዚያ ላይ የምትታየው «አይሶ» ቀላል ፊደል አይደለችም። እሷ ካለች ልኩ በሚሊ ሜትር ነው፤ ከሌለች በኢንች። ብሎኬታችን 20 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አናፂያችን በሜትር ይገዛል፤ ኢንች የምናውቀው በቧንቧና በቴሌቪዥን ብቻ ነው። በኢንች የተጀመረ ፋይል ከሌላ ሰው ፋይል ጋራ ሲቀላቀል፣ የአንዱ ሰው ቪላ የሌላው ሰው ሳሎን ውስጥ ቡና ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማልበስ ነው። ቤቱ ራቁቱን፣ በሽቦ ብቻ ቢታይ የፊቱ ግድግዳና የኋላው ግድግዳ ተደበላልቀው ደንበኛውን ያሳብዱታል። ሶፍትዌሩ አሥር ዓይነት አለባበስ ያቀርባል። እንደ እርሳስ ንድፍ የሚያሳይ አለ፣ እንደ ራጅ አሳልፎ የሚያሳይ አለ። የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፤ ጥላ ያለው ሆኖ ጠርዙ በመስመር የሚታየው። ሪያሊስቲክ የሚባለውን ጀማሪዎች ይወዱታል፤ ደካማ ላፕቶፕ ደግሞ ይጠላዋል። ማራገቢያው ጮኾ ጮኾ ከክዳኑ ዝናብ ጋራ ሲወዳደር ሰምቻለሁ።

መስታወቱን ለሁለት መክፈል ደግሞ ከሁሉ የሚጠቅም ብልሃት ነው፣ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው። በግራ ፕላኑ ከላይ እንደለመድነው ይሁን፤ በቀኝ ያው ቤት ከጥግ ቆሞ ይታይ። በግራ የሳልነው ወዲያው በቀኝ ይቆማል። ፖሊሶሊድ በሚባለው ትእዛዝ ቁመት ሦስት ሜትር፣ ውፍረት 20 ሴንቲ ሜትር ብሎ ግድግዳውን እንደ መስመር እየነዱ መሄድ ነው። መስኮቱን በሰብትራክት መቁረጥ ነው። ክዳኑን ደግሞ በጎን የታየውን ሦስት ማዕዘን ስሎ በኤክስትሩድ እስከ ቤቱ ርዝመት መሳብ ነው። ከዚያ ያቺን የ15 ዲግሪና የ30 ዲግሪ ነገር ጎን ለጎን አቁሞ ለባለቤቱ ማሳየት። ክርክር የለም፣ ስሌት የለም። ሰው ዓይን አለው።

የቀሩትን መስኮቶች ዝጉ። ይህን የምለው በቁጣ ነው። ስሪዲ ሞዴሊንግ ሲከፈት በጎን በኩል የቁሳቁስ መደብር ይዘረጋል፣ ሌላ ሰንጠረዥ ይጨመራል፤ ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ቤቱ የሚታይበት ቀዳዳ የኪዮስክ መስኮት ያህል ይቀራል። የማትጠቀሙበትን አስወጡና የቀረውን በራሳችሁ ስም አስቀምጡት፤ ያቺው ባለ ጥርስ ምልክት ማስቀመጫም አላት። በተለይ ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ። ጠዋት ስትመጡ ማታ የተቀመጠበት የአጎት ልጅ የመሣሪያውን ሰልፍ ሁሉ ጎትቶ ወደ ግርጌ አውርዶት ይገኛል። ለምን እንዳወረደው እሱም አያውቅም። ስማችሁን ስትነኩ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የአጎት ልጅ ግን በዚህ አይስተካከልም።

ማውዝ ግዙ። መሐሉ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ያለውን። በላፕቶፑ መዳፊያ ስሪዲ እሠራለሁ ማለት ክንድን ማስቀየም ነው። ሺፍትን ይዞ ጎማውን ተጭኖ ማውዙን ሲያንቀሳቅሱ ቤቱ ይዞራል፤ ጎማውን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲጫኑት የጠፋው ቤት ሁሉ ወደ መስታወቱ ይሰበሰባል። ግን ደንበኛ ፊት ሲያዞሩ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ቡና ነጋዴ፣ ትልቅ ሰው፣ ቤታቸው መስታወቱ ላይ ሲገለበጥና መሠረቱ ወደ ሰማይ ሲያይ ብድግ ብለው «በስመ አብ! ምን ሆነ?» አሉ። «ምንም አልሆነም ጋሼ፣ ከታች እያየነው ነው።» «ከታች ማን ያየዋል? መልሰው!» መለስኩት። ከታች የሚያየው አይጥ ብቻ እንደሆነ ሲረጋጉ ራሳቸው ነገሩኝ።

ከዚህ የባሰ የሚያስገርማቸው የጣት ነገር ነው። በስሪዲ ቀዩ መስመር አንድ አቅጣጫ፣ አረንጓዴው ሁለተኛ፣ ሰማያዊው ደግሞ ቁመት ነው። ሦስቱ ሲዞሩ ቁመቱ ወዴት እንደሆነ ይጠፋል። ያኔ ቀኝ እጅን አንሥቶ አውራ ጣትን ለቀዩ፣ አመልካችን ለአረንጓዴው ዘርግቶ የመሐል ጣትን ማጠፍ ነው፤ እሷ የምታሳየው ሽቅብ ነው። ያዘነበለ ክዳን ላይ የብርሃን መስኮት ለመሳል ከፈለግን የእነዚህ ሦስት መስመሮች መነሻ ራሱ ክዳኑ ላይ ወጥቶ መተኛት አለበት፤ ኤፍ ስድስትን ብንጫን ሶፍትዌሩ ያንን በራሱ ይፈልገዋል። ያም ሆኖ የጣቱ ልማድ አይለቅም። ከውጭ በመስኮት የሚያየን ሰው አንድ ጎልማሳ በኮምፒውተር ላይ በጣቱ ሲያማትብ ነው የሚያየው።

ፀሐይን ካላነሣሁ ጎሬን በደልኩ ማለት ነው፤ የምትወጣበት ወቅት ስላላት። ሶፍትዌሩ ፀሐይ አለው፤ ቤቱ ላይ ጥላ ይጥላል። ግን ቦታ ካልተነገረው የሚያውቀው ሳን ፍራንሲስኮን ነው፤ ከምድር ወገብ 37 ዲግሪ ከምናምን በሰሜን። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ነው። እኛ ስምንት ዲግሪ ግድም ላይ ነን። በሰኔ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። በሰኔ ጎሬ ላይ ፀሐይ ማን አየ ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ግን የቡና ወቅት ነው፤ ፀሐይዋም ትወጣለች፣ በደቡብ በኩል ዝቅ ትላለች፤ አምስት ሜትር ከፍታ ያለው ቤት በታኅሣሥ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ሦስት ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ጠዋትና ማታ ከዚያ ይረዝማል። እኚያ ነጋዴ ጋሼ የቡና ማድረቂያ አልጋቸውን ከቤቱ በስተጀርባ ሊያሰልፉ አስበው ነበር፤ ጀርባው ደግሞ ሰሜን ነው። ቦታውን ወደ ጎሬ፣ ወሩን ወደ ታኅሣሥ ቀይሬ ሰዓቱን ከጠዋት ወደ ማታ ነዳሁላቸው። ጥላው በአልጋዎቹ ላይ ሲሄድ አዩ። ምንም አላሉም፤ ከኪሳቸው ብዕር አውጥተው ፕላኑ ላይ ትልቅ ቀስት ሳሉና ወደ ደቡብ አዞሩት። ለሥራዬ ከተከፈለኝ ሁሉ ያቺ ቀስት ትበልጣለች።

ቀስቷ ከተሳለች በኋላ ግን ጋሼ ወደ ልባቸው ጉዳይ ገቡ። ጂ ፕላስ ዋን ነው የፈለጉት። በረንዳው ላይ ክብ ምሰሶ፣ በሩ ላይ ሁለት አንበሳ፣ አጥሩ ላይ ደግሞ ንስር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ምድብ ሐ ውስጥ ከትቶታል። የጋሼ ቤት እዚያ አትደርስም፤ ልባቸው ግን ምድብ ሐ ነው። አንበሳ እንጨምር ቢባል ይገኛል፤ የተዘጋጀ ዕቃ በፍላሽ ሞልቷል። ችግሩ ያ ዕቃ ሁሉ ከሌላ አገር መምጣቱ ነው። ቤቱን አስጊጦ ለማሳየት ስኬችአፕና ሉሚየን ላይ ሲወሰድ ግቢው ውስጥ ዘንባባ ይበቅላል፣ ሰማዩ ያለ አንድ ደመና ሰማያዊ ይሆናል፣ በአጥሩ ሥር አንዲት ፀጉረ ወርቃማ ሴት ውሻ አስከትላ ትሄዳለች። ዋንዛ የለ፣ ብሳና የለ፣ ቀረሮ የለ፣ እንሰት የለ። ጭቃ የለ። ጎሬ ላይ የሚሠራ ቤት ሥዕል ላይ ጭቃ ከሌለ ውሸት ነው፤ ቢያንስ ግድግዳው ከሥሩ ግማሽ ሜትር ድረስ በጠፈጠፍ ተረጭቶ መቅላት አለበት። ባለቤቱ ግን ለጭቃ አይከፍልም። ሴትየዋን ግን ጠየቁኝ፤ «ይቺ ማን ናት?» «ለመጠን ነው ጋሼ፣ የሰው ቁመት እንዲታይ።» ባለቤታቸው ከአጠገባቸው ሆነው «የኛ ሰው ቁመት የለውም?» አሉ። ነጠላ የለበሰች ሴት ፍለጋ ያን ዕለት አመሸሁ።

መብራት ሄዶ ማምሸቴ ደግሞ ሌላ ነው። ሶር ወንዝ ላይ ማመንጫ አለን፣ ፏፏቴውም ውብ ነው፤ ዛፍ መስመር ላይ ሲወድቅ ግን ሁለቱም አይረዱም፤ ዛፉ ደግሞ የሚወድቀው በዝናብ ነው። ሶፍትዌሩ በራሱ ሥራችሁን በየአሥር ደቂቃው ያስቀምጣል ተብሎ ተነግሮኛል። አሥር ደቂቃ! አሥር ደቂቃ የሚያስበው መብራቱ የማይሄድበት አገር ያለ ሰው ነው። ወደ ሦስት አውርዱት። ከዚያም በላይ በእጃችሁ እያስቀመጣችሁ ሂዱ፤ ከፋይሉ ጎን ባክ የሚል ቅጥያ ያለው ተከታይ ፋይል ይፈጠራል፣ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አታጥፉት፤ የቀደመው ቅጂ እሱ ነው። ላፕቶፕ ያላችሁ ባትሪውን ጠብቁ፤ ዴስክቶፕ ያላችሁ ዩፒኤስ ግዙ። ዲቫይደሩን ደግሞ ወለል ላይ አታስቀምጡ። ወለሉ ላይ ውሃ ሲገባ የት እንዳስቀመጣችሁት ታስታውሳላችሁ።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የሥራ ቦታ ማስተካከል የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ውጭ ያለው ነው የሚያስቸግረው። ጠረጴዛ የሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር አይቀመጥም፤ ስለዚህ የክፍሉ ግማሽ ተቀነሰ። መስኮቱ ከጀርባ ከሆነ መስታወቱ ላይ ሰማዩ ይታያል፣ ቤቱ አይታይም፤ ሩብ ተቀነሰ። በቀረችው ሩብ ላይ ተመልካች ይቆማል። ጠፍጣፋ ፕላን ሲሠራ ማንም አይቆምም፤ ስሪዲ ሲጀመር ግን ፎቶ ኮፒ የመጣውም፣ ዝናብ ያስጠለለውም ከጀርባ ይሰለፋል። አስተያየት ደግሞ በነጻ ነው። «ቀለሙን ቢጫ አድርገው።» «መስኮቱ አነሰ።» ጣት መስታወቱ ላይ ያርፋል፤ ያ ጣት አሁን ቆሎ የያዘ ነበር። ቡናው እስኪፈላ ይህ ይቀጥላል። አቦል ሲጠጣ ቤቱ አንድ ፎቅ ነው፣ ቶና ላይ ሁለት ይሆናል፣ በረካ ላይ ሊፍት የሚያነሣ አይጠፋም።

ከእነዚያ ሁሉ ተመልካቾች መካከል አንድ ጥሩ ጥያቄ የጠየቁኝ የጋሼ እናት ናቸው። ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ያያሉ። ምሰሶው አላስደነቃቸውም። አንበሶቹን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ቤቱን አንድ ጊዜ አዙሬ ከፊት ለፊት ሳቆመው በኦሮምኛ «ልጄ፣ ውሃው በየት ነው የሚወርደው?» አሉ። ክፍሉ ዝም አለ። ጋሼ በሩ ላይ ግርማ እንዲኖር ብለው ከዋናው ክዳን ፊት ለፊት ትንሽ ክዳን አስጨምረው ነበር። ሁለቱ ክዳኖች የሚገናኙበት ጎድጎድ ያለ መስመር ውሃውን ሰብስቦ ቀጥ ብሎ የሚያወርደው ዋናው በር አናት ላይ ነው። ፕላኑ ላይ አይታይም፤ እዚያ ዝናብ የለምና። ቁሞ ሲታይ ግን ሴትየዋ በአንድ እይታ አገኙት። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠፈጠፍ ሥር ባልዲ ደቅነዋል።

ያቺን ትንሽ ክዳን ወደ ጎን አዞርናት፤ ጋሼም እናታቸውን መከራከር አልቻሉም። ዋናው ክዳን ከግድግዳው አንድ ሜትር ወጣ እንዲል፣ በረንዳውም እንዲሰፋ የጠየቁት እኚሁ እናት ናቸው። አዲስ ነገር አልፈጠሩም። ጎሬ ውስጥ ከራስ ተሰማ ናደው ዘመን ጀምሮ፣ ቡናው በበቅሎ ወደ ጋምቤላ እየወረደ በባሮ ጀልባ ወደ ሱዳን ይሄድ በነበረበት ጊዜም፣ ሰው በረንዳ ላይ ነው ዝናብን የሚጠብቀው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ መንግሥት ጎሬ ላይ ተቀመጠ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መንግሥቱን ሲመሩ፣ ራስ እምሩም መጡ። ጣሊያን ከተማዋን የያዘው በኅዳር 1929 ነው። ከግንቦት እስከ ኅዳር ማለት ነው፤ መንግሥቱ የኢሉባቦርን ዝናብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀምሶታል። በዚያ ክረምት የአገሪቱ ጉዳይ የተመከረው ከሚያንኳኳ ክዳን ሥር ነው፤ ክዳኑ በስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ የጻፈ ሰው ባይኖርም።

ስለዚህ ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ፕላን አውጪ ጋ ስትመጡ የቦታችሁ ተዳፋት ወዴት እንደሆነና የጎረቤታችሁ ክዳን ውሃውን ወዴት እንደሚጥል አጣርታችሁ ኑ። ቤቱ ከነክዳኑ ቆሞ ሳታዩ ፕላኑን ጠቅልላችሁ አትውሰዱ። እናት ያላችሁ እናታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አንበሳውን በኋላ እንነጋገርበታለን። ቀብዱ ግማሽ ነው።